የወይራ በር ሴት ልጆች ጆሮ

በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ኃላፊያችን አቶ በላቸው ከወረቀታቸው ቀና ብለው አዩኝና «ዝምተኛ ነሽ አሉኝ» አሉ።

ዝም አልኩ።

«ጥሩ ነው። ቁጥርም ዝምተኛ ነው። ትግባባላችሁ።»

የትምህርት መረጃ ባለሙያ የሆንኩት እንዲህ ነው። ጠረጴዛዬ ከመዝገብ ቤቱ በር ጀርባ ነበር፤ በሩ ሲከፈት እጠፋለሁ፣ ሲዘጋ እገኛለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲዛወር ትቶልኝ የሄደው አንድ ካልኩሌተር ነው። የስምንት ቁጥሩ ቁልፍ አይሠራም። ስምንት የሚገባበት ሒሳብ ሲመጣ በእጄ እሠራለሁ። የቢሮ ጓደኞቼም «ዛሬ አንጓችን አታናግሯት፣ ስምንት ገብቶባታል» ይሉ ነበር፣ ልክ ዛር እንደሰፈረብኝ።

ሥራችንን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። በየዓመቱ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቅጽ ይሞላል፦ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ በየትኛው ክፍል፣ በስንት ዓመቱ፣ ማን ደገመ፣ ማን አቋረጠ። እኔ እሰበስባለሁ፣ አመሳክራለሁ፣ አካፍላለሁ። ከላይ የሚጻፈው የመጣው ልጅ ነው፤ ከታች የሚጻፈው መምጣት የነበረበት ልጅ ነው። ዕድሜ ሳይጠየቅ የመጣ ሁሉ ከተቆጠረ ጥቅል ተሳትፎ ይባላል። ዕድሜው ልክ የሆነው ብቻ ተለይቶ ከተቆጠረ ንጥር ተሳትፎ ነው። ጥቅሉ በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ ይናገራል፤ ንጥሩ መግባት የሚገባው መግባቱን። ለአንደኛ ክፍል አዲስ ገቢዎች ብቻ ሲሠራ ደግሞ ቅበላ ይባላል። የመድገምና የማቋረጥ መጠን ደግሞ ከገቡ በኋላ ምን እንደገጠማቸው ያሳያል።

እኔ ራሴ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ጥቁር ሰሌዳውን ሁልጊዜ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ጫፉ ላይ የሚደርስ ሌላ ልጅ ስላልነበረ ነው። በቅጹ ቋንቋ እንደኔ ያለችው «ከዕድሜ በላይ» ትባላለች። ለዚህ ይሆናል ዓይኔ የዕድሜ ዓምድ ላይ ሲደርስ የሚቆየው።

አንድ ዓመት የወረዳችን ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ በላይ ወጣ። አቶ በላቸው ወረቀቱን ይዘው ኮሪደሩን ተመላለሱበት።

«እንኳን ያሉንን ልጆች፣ የሌሉንንም አስተማርን!»

«ጋሽ በላቸው፣ የሌለ ልጅማ አይማርም» አልኩ።

«ቁጥሩ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩም።»

«ድግስ ደገሱ እንበል። የጠሩት ጎረቤት ነው። የመጣው ግን ጎረቤቱም፣ የጎረቤት አማትም፣ መንገደኛውም ነው። የበላውን ሁሉ ቆጥረው ለጎረቤት ቢያካፍሉት ከመቶ ያልፋል። ከጎረቤትዎ ግን ግማሹ ላይመጣ ይችላል።»

አሰቡበት። «ድግሱ ግን ሞቋል?» አሉ።

«እሱስ ሞቋል።»

«በቃ፣ የሞቀውን እንጻፍ።»

ጥቅሉ በመጀመሪያው ገጽ በደማቁ ተጻፈ። ንጥሩ በአባሪ ገባ፣ ለማንበብ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል። እኔም ክርክሩን ተውኩት። አባሪውን ግን አልተውኩትም፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እውነተኛው ነገር የሚኖረው እዚያ ነበር።

የወይራ በር ነገር የመጣው ከአባሪው ነው።

ወይራ በር ከተራራው ጥግ ያለች ቀበሌ ናት፤ ገብስ፣ ድንች፣ ጉም። ቅጿ ከወረዳው ሁሉ ንጹሕ ነበር። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ልክ ሰባት ዓመቱ ነው። አንድ ስድስት የለም፤ አንድ ስምንት የለም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቁጥር ሳይ እጅግ ታጥቦ ሸሚዙ የሳሳ ሰው ያየሁ ይመስለኛል።

ከዚያ ደግሞ ሴቶቹ ከወንዶቹ በግማሽ ያንሳሉ። ወንዶቹ አንደኛ ክፍልን ይደጋግማሉ። ሴቶቹ ግን ሳይደግሙ ይሄዱና ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ያቋርጣሉ። በቅጹ ሒሳብ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። «የማቋረጫ ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ ግን ርዕሰ መምህሩ ደጋግመው የጻፉት አንድ ቃል ነው፦ «አደገች»።

ስልክ ደወልኩ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ስማቸው የሒሳብ መምህር የነበሩ፣ ጨዋ፣ ትንሽ ድንጉጥ ሰው ናቸው።

«አቶ ስማቸው፣ አንደኛ ክፍል ሴቶቹ ለምን አነሱ?»

«አልደረሱም፣ እትዬ አንጓች።»

«ወንዶቹስ?»

«ወንዶቹ ደርሰዋል።»

«አምናም ካቻምናም እንዲሁ ነበር። በአንድ ቀበሌ ሴቱ ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚወለደው?»

«እኔ ሒሳብ ነው ያስተማርኩት፤ የወሊዱን ነገር ጤና ጣቢያ ይጠይቁ» አሉኝ።

አቶ በላቸውን ለመስክ ፈቃድ ጠየቅኳቸው። «የደረሰውን ቁጠሪ፤ ያልደረሰው ሲደርስ ይቆጠራል» አሉ። አልተንቀሳቀስኩም። ዝም ብሎ መቆም የማውቀው ብቸኛው የክርክር ስልት ነው። በሩ ተከፈተ፤ ጠፋሁ። ተዘጋ፤ ተገኘሁ። «እሺ ሂጂ!» አሉ።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ ምዝገባ በተጀመረበት ሳምንት፣ መኪና እስከሚደርስበት በሚኒባስ፣ ከዚያ በጭቃ ወጣሁ። ስደርስ መዝጋቢ ኮሚቴው ከትምህርት ቤቱ ደጅ ወይራው ሥር ጠረጴዛ አውጥቶ ተቀምጧል። በአንድ ጫፍ አቶ ስማቸው መዝገብ ይዘዋል። በሌላው ጫፍ የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ፈንታሁን ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። መሐል ላይ፣ ከሁለቱም ከፍ ባለ ወንበር፣ መሪጌታ ልሳኑ ተቀምጠዋል።

መሪጌታ ልሳኑ ደብረ ወርቅ ተምረው የመጡ፣ የቀበሌዋን ልጆች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ፊደል የሚያስቆጥሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም «የኔታ» ነው የሚላቸው። ኮሚቴው ውስጥ የገቡት ዕድሜ እንዲለኩ ነው። የልደት ካርድ የሚባለው ነገር ወይራ በር ገና በወሬ ደረጃ ነበረ። ርዕሰ መምህሩ ቢለኩ «ክፍሉ እንዳይጠብባቸው ብለው ነው» ይባላሉ። ሊቀመንበሩ ቢለኩ የራሳቸውም ልጅ አለበት። የኔታ ግን አይታሙም።

አለካካቸው አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ይይዛል። ከያዘ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ካልያዘ አልሞላውም። የኔታ ዓይናቸውን ከጣቱ ጫፍ አይነቅሉም፤ እንደ ወርቅ ሚዛን ጠባቂ ጎንበስ ብለው ነው የሚያዩት።

«ደርሷል። ጻፍ» ይላሉ። ወይም፣ «አልደረሰችም። ለከርሞ።»

እኔ ከአቶ ስማቸው ጀርባ በርጩማ ተሰጠኝ። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ደረሰ። ሁለተኛውም ደረሰ። ከዚያ አንዲት ሴት፤ ለከርሞ። ደግሞ ወንድ፤ ደረሰ። ያ የደረሰው ልጅ አፍንጫውን እናቱ ጠርጋለት ስታበቃ «እማ እዘይኝ» ብሎ ጀርባዋ ላይ ወጣ።

ከዚያ ወይዘሮ ደብሬ ልጇን ይዛ ቀረበች። ቀጭን፣ ፈጣን አንደበት ያላት ሴት ናት። ልጅቷ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ አፏን ገጥማ መሬት መሬት ታያለች። እጇን በአናቷ ላይ አሳለፈች። ጣቷ ከጆሮዋ በላይ ቀረ።

«አልደረሰችም። ለከርሞ» አሉ የኔታ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ይህ ከርሞ የሚሉት ዘንድሮ ሆኖ አያውቅም?»

ሰዉ ሳቀ።

«ሦስተኛ ዓመቴ ነው እዚህ ስቆም። የሰው ልጅ ጆሮ እየቀረበ ይሄዳል፤ የእኔ ልጅ ጆሮ ከዓመት ዓመት ይሸሻል!»

«ክንድ አይዋሽም፣ ደብሬ።»

«ክንዱስ አይዋሽ። እኅቴም አትዋሽም። ሉማሜ ከተማ ሻይ ቤት አላት። ለመስቀል መጥቼ፣ ትምህርት ካልገባች ብርጭቆ አጣቢ አደርጋታለሁ ብላለች። አባቷም እሺ ብሏል። ዘንድሮ ካልገባች ከርሞን የምታገኘው ሳህን ሥር ነው።»

የኔታ አዘኑ፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ብጨምርላት በማን ዕድሜ ልጨምር? የሌላውን ቆርጬ?»

ልጅቷ ዘወር ስትል ከዚያ እናቱ ጀርባ ከወጣው ልጅ አጠገብ አለፈች፤ ወርዶ ቆሞ ነበር። አናቱ ከትከሻዋ አይደርስም። ያን ጊዜ ከበርጩማዬ ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ ልጆቹን አይደለም ያየሁት፤ አቀራረባቸውን ነው። ወንድ ልጅ የኔታ ፊት ሲደርስ አባቱ ኮፍያውን ከራሱ ላይ ያነሳለታል፤ ሊቅ ፊት ተከናንቦ አይቆምም። ከኮፍያው ሥር ያለው ራስ ለዘመን መለወጫ ተላጭቶ እንደ እንቁላል ያበራል። ሴት ልጅ ስትደርስ ደግሞ እናትየው ሻሿን ጠበቅ ታደርግላታለች፣ ግንባሯ ድረስ ታወርድላታለች፤ ሊቅ ፊት ራስ ገልጦ አይቆምም። ከሻሹ ሥር ለዘመን መለወጫ የተሠራ ሹሩባ አለ። በብርዱ ምክንያት ደግሞ ሻሹ ድርብ ነው።

የወንዱ እጅ በራስ ቅል ላይ ያልፋል። የሴቷ እጅ በሹሩባ፣ በሻሽ፣ ደግሞ በሌላ ሻሽ ላይ ያልፋል። ጥሩወርቅ ባደገች ቁጥር ጠጉሯም አደገ፤ ሻሿም ወፈረ። ጆሮዋ በርግጥም ሲሸሽ ኖሯል።

ማንም ያጠፋ ሰው አልነበረም። ሁሉም ጨዋነቱን ነው ያሳየው። የወይራ በር ንጥር ቅበላ፣ የወይራ በር መድገም፣ የወይራ በር «አደገች»፣ ሁሉም ከዚያ ጨዋነት የተወለዱ ናቸው። ወንዶቹ ሳይደርሱ ገብተው ይደግማሉ፤ ሴቶቹ አልፎባቸው ገብተው ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ለትዳር የደረሱ ናቸው።

ለአቶ ስማቸው በጆሯቸው ነገርኳቸው። እስክሪብቷቸውን ጣሉ።

«እትዬ አንጓች፣ ለየኔታ ማን ይንገራቸው?»

«እርስዎ ርዕሰ መምህር ነዎት።»

«እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው!»

ስለዚህ እኔ ቀረብኩ። ድምፄ አነስተኛ ስለሆነ ሰው ሁሉ ለመስማት ዝም አለ፤ ያ ደግሞ ባሰኝ።

«የኔታ፣ የጥሩወርቅ ሻሽ ቢወልቅና ብትለካስ?»

የኔታ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «በእኔ ፊት? ሴት ልጅ ራሷን ገልጣ?»

ከየኔታ ይልቅ ያስደነገጠችኝ ወይዘሮ ደብሬ ናት። ሦስት ዓመት ስትለምን የኖረችው ሴት፣ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳብ አድርጋ ሻሹን በሁለት እጇ ያዘች። «ኧረ ምነው እታለም! ልጄን ላስተምር መጣሁ እንጂ ላዋርድ መጣሁ?»

ጠቅላላ ሴቱ በእሷ ወገን ሆነ። አንዲት አሮጊት «ይህችን ከወዴት አመጣችኋት?» አለች። ሊቀመንበር ፈንታሁን ጋቢያቸውን አስተካክለው «ከወረዳ ናት» አሉ፤ ሁሉም ነገር የተብራራ ያህል።

ወደ በርጩማዬ ልመለስ ነበር። ነገር ግን ጥሩወርቅን አየኋት። እየሆነ ያለው ሁሉ ስለ እሷ መሆኑን ታውቃለች፤ እጇን መልሳ አናቷ ላይ ጭናለች። ጣቷን ሻሹ ላይ ትዘረጋለች፣ ምናልባት አሁን ይደርስ እንደሆን።

«እሺ የኔታ፣ ሴቶቹ አይገለጡ» አልኩ። «ወንዶቹ ይሸፈኑ።»

«እንዴት?»

«ሴቶቹ በሻሽ ላይ ከተለኩ ወንዶቹም በሻሽ ላይ ይለኩ። መስፈሪያው አንድ ይሁን።»

የኔታ ጢማቸውን ያዙ። እሳቸው ክርክር የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የደብረ ወርቅ ልጅነታቸው በዓይናቸው መጣ። «ርቱዕ ነው» አሉ። «አንድ እህል በሁለት ቁና አይሰፈርም። ሻሽ አምጡ።»

አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ድርብ ሻሿን ሰጠች። የመጀመሪያው ሰልፈኛ የሊቀመንበሩ ልጅ ነበር። እናቶቹ እየተጋገዙ ጠመጠሙለት፣ የሹሩባውን ቦታ እንዲይዝ አንድ ልብስ ከሥር ጨመሩበት። ልጁ እጁን ቢዘረጋ ቢዘረጋ ጣቱ ከሻሹ ጫፍ አልወረደም።

የኔታ አጎነበሱ። «አልደረሰም። ለከርሞ።»

«ምን?!» አቶ ፈንታሁን ተነሡ። «ልጄን ሙሽራ አስመስላችሁ ለከርሞ?»

«እንዴት ያለች ቆንጆ ሙሽራ!» አለች ወይዘሮ ደብሬ።

ሁለተኛው ወንድ አልደረሰም። ሦስተኛው አልደረሰም። ሻሹ ከራስ ወደ ራስ እየዞረ ወንዱን ሁሉ አስቀረው። ቀድሞ «ደርሷል» የተባሉትም «ይደገም» ተብለው ተጠርተው መጡ፤ እነሱም ወደቁ። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ አባቶቹ ይጮሃሉ።

አቶ ስማቸው መዝገቡን እንዳይነጥቋቸው ይመስል ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ «እትዬ አንጓች፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ባዶ ሊሆን ነው! ሪፖርቱ ላይ ምን ልበል?» ይሉኛል።

ሁሉንም እኩል ማስቀረት እኩልነት ነው፤ ትምህርት ግን አይደለም።

የኔታ ሻሹን ከመጨረሻው ልጅ ራስ ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ውፍረቱን በሁለት ጣታቸው ለኩ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ይስቁ ነበር።

«ስንት ዓመት ሙሉ» አሉ፣ «ጨርቅ ስለካ ኖሬያለሁ!»

እሳቸው ሲስቁ ሰዉ ሁሉ ተነፈሰ። ፈንታሁን እንኳ ተቀመጡ።

«ክንዱ ይቅር» አሉ የኔታ። «እኔ ዘንድ ፊደል የሚቆጥር ልጅ የፊት ጥርሱ የሚወልቅበት ጊዜ አለ። ‹ሰ› ላይ ሲደርስ ያፏጫል። ፉጨቱን ስሰማ ይህስ ለትምህርት ደርሷል እላለሁ፤ ተሳስቼም አላውቅ። ጥርስ ሻሽ አያስርም። ልጆች፣ አንድ በአንድ ቅረቡና ‹ሰባት› በሉ።»

ወንዶቹ ቀረቡ። እናቱ ጀርባ የነበረው ልጅ «ሰባት» አለ፤ ጥርት ብሎ፣ የወተት ጥርሱ በሙሉ እንደ በቆሎ ተሰድሯል። ለከርሞ። የሊቀመንበሩ ልጅ ግን አፏጨ፤ አባቱ የወይራውን ግንድ በደስታ መቱት። ከሴቶቹም የመጀመሪያዎቹ አፏጩ። ደጁ ሁሉ የወፍ ጎጆ መሰለ።

የጥሩወርቅ ተራ ደረሰ። አፏን ገጥማ ቆመች።

«በይ እንጂ ጥሩዬ» አለች እናቷ።

«ሰባት» አለች። ምንም ፉጨት የለም።

የኔታ ፊታቸው ወደቀ። «አላፏጨችም፣ ደብሬ። አልደረሰችም።»

ወይዘሮ ደብሬ በዚህ ጊዜ ቀልድ አልመጣላትም። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ልጅቷም እጇን፣ ከልማድ የተነሣ ይመስለኛል፣ እንደገና አናቷ ላይ ጫነች።

እኔ ግን «ሰባት» ስትል አፏን አይቼ ነበር። «የኔታ» አልኩ፣ «ጥርሷን ይዩት።»

አዩት። የፊት ጥርሶቿ ከግራ ቀኛቸው ካሉት የወተት ጥርሶች ጋር የማይመጣጠኑ፣ ሰፋፊ፣ ጫፋቸው ገና እንደ መጋዝ የሆነ አዲስ ጥርሶች ናቸው። አራት።

የኔታ ወደ ኋላ ተደገፉ። «ደብሬ፣ የዚህችን ልጅ የወተት ጥርስ ጣሪያ ላይ የጣላችሁት መቼ ነው?»

«የፊቱን? ካቻምና ነዋ። ያን ጊዜማ ስታፏጭ ወንድሞቿ እየሳቁባት ነው እንዲህ አፏን መግጠም የለመደችው።»

«ፉጨቷን እቤቷ ጨርሳ ነው የመጣችው!» አሉ የኔታ። «አልደረሰችም አይደለም፤ አልፎባታል። ጻፍ!»

አቶ ስማቸው ብዕራቸውን አነሡ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «ሰባት ልበላት? ንጥሩ ከፍ ይላል» አሉ።

«በእናቷና በጥርሷ ሒሳብ ስንት ነች?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ይበሉ።»

ጻፉ። ከጥሩወርቅ በኋላ የቀረቡት ሴቶችም አብዛኞቹ እንደ እሷ ፉጨታቸውን ጨርሰው የመጡ ነበሩ። ሉማሜ ያለችው አክስት ለመስቀል መጣች፤ ሌላ ብርጭቆ አጣቢ ፈለገች።

በዚያ ዓመት በወይራ በር አንደኛ ክፍል የገቡ ሴቶች ከወንዶቹ በዙ። ብዙዎቹ ግን እንደ ጥሩወርቅ ስምንትና ዘጠኝ ስለሆኑ ጥቅሉን እንጂ ንጥሩን አልጨመሩም። ወንዶቹም ግማሾቹ ለከርሞ ተባሉ። በንጹሕነቱ የታወቀው የወይራ በር ንጥር ቅበላ ወደቀ። ከወይራ በር ጋር የወረዳውም ትንሽ ዝቅ አለ። ከዞን ስልክ ተደወለ። አቶ በላቸው በሩን ከፍተው ገቡ፤ ጠፋሁ። ፈልገውኝ በሩን ዘጉት።

«ይህ ቁጥር ሲወጣ ነው የኖረው! ምን አድርገሽው ነው የወረደው?»

«ለካሁት» አልኩ።

«ይህን ለዞን እንዴት አድርጌ ነው የምናገረው?»

ስለ ሻሹ ነገርኳቸው። በቁጣ ጀምረው በሳቅ ጨረሱ፤ ለዞኑም ራሳቸው ደውለው ከእኔ አሳምረው ተረኩት። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስሰማው ሻሹ ጋቢ ሆኖ ነበር።

ጥርሱም ቢሆን ዘላለማዊ መድኃኒት አልሆነም። በሚቀጥለው ምዝገባ አንድ አባት የልጁን ጥርስ በክር ከበሩ መወርወሪያ አስሮ ነቅሎ አመጣው። ልጁ እያለቀሰ ያፏጫል። የኔታ ድዱን አዩና፣ «ይህ ጥርስ ሰባት ዓመት የሞላው ሳይሆን ዛሬ ጥዋት የሞተ ነው» ብለው መለሱት። አለካኩ በታወቀ ማግስት ሰው መላ ያበጅለታል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ነሐሴ ማለቂያ ላይ ወይራው ሥር መቀመጤን አልተውኩም። የልደት ካርዱ እስኪደርስ ድረስ በርጩማው የእኔ ሆነ።

ጡረታ ልወጣ በተቃረብኩበት ዓመት አንዲት ረጅም ልጅ ከእናቷ ጋር ቢሮአችን መጣች፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ለሁለተኛ ደረጃ ወረቀት ልታጽፍ። እናትየውን በአንደበቷ አወቅኳት። ገና ኮሪደሩ ላይ «ከወረዳ ናት የተባለችው ሴትዮ የቱጋ ናት?» ትላለች። በሩን ሲከፍቱት እኔ ከጀርባው ነበርኩ። ልጅቷ በሩን መለስ አድርጋ አገኘችኝ።

«ዘጠኝ ብለው ያስጻፉኝ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ የክፍሉ ረጅም እኔ ሆኜ ሰሌዳ የምጠርገው እኔ ነበርኩ» አለችኝ። አሁን አፏን አትገጥምም፤ ትልልቅ ጥርሶቿን አሳይታ ነው የምትናገረው።

«እኔም ጠርጌያለሁ» አልኳት።

ወረቀቷን ሠራሁላት። በዚያ ዓመት በማጠናቀቅ መጠን ሠንጠረዥ ላይ የወይራ በር ሴቶች መስመር ውስጥ አንዷ እሷ ናት። ስታካፍሉት አትታይም፤ ከላይ ካለው ቁጥር ውስጥ ናት።

ይህን ሥራ ለምትረከቡ ወጣት ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። አንድ ትምህርት ቤት በየዓመቱ «ሴቶቹ አልደረሱም» የሚል ቅጽ ከላከላችሁ፣ ልጆቹን ከመጠርጠራችሁ በፊት መለኪያውን ሄዳችሁ እዩ። ካልኩሌተሩንም ተረከቡ፤ ስምንቱ አሁንም አይሠራም።